ርዕሰ መምህሩ ሲዛወር ጸጥታውም አብሮ ተዛወረ

ጥያቄውን የወላጆች ግሩፓችን ላይ የለጠፍኩት ሐሙስ ማታ ነው። እስከ እሁድ ማታ 23 መልስ መጣ። ብዙ ሰው ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ አጣሁ ስላለኝ በየተራው አስቀምጬዋለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም። የገባኝን ነው የጻፍኩት። ስም አልጠራሁም፣ ቁጥራቸው ይበቃል።

መጀመሪያ የእኔ ጥያቄ።

ጅማ ውስጥ ከአንድ የመንግሥት መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊት ለፊት የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለኝ። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ፎቶ ኮፒ። ልጄም እዚያው 7ኛ ክፍል ይማራል። ሱቄ ውስጥ ሆኜ የግቢው በር ፊት ለፊቴ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ያ በር ገበያ ነበር። ደወል ተደውሎ ግማሹ ልጅ ውጭ ነው። የዩኒፎርሙን ሹራብ ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ፕሌይስቴሽን ቤት የሚገባ አለ። ወደ አዌቱ ወርዶ የሚውል አለ። ጸብ ሲነሳ ድንጋዩ የእኔ ሱቅ ቆርቆሮ ላይ ያርፋል። ከዚያ አንድ ርዕሰ መምህር ተመድቦ መጣ። ከ1:30 ጀምሮ በሩ ላይ ይቆማል። ዝናብም ቢሆን ጃንጥላ ይዞ ይቆማል፣ የጅማን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ልጆቹን በስማቸው ነው የሚጠራቸው። በአንድ ሴሚስተር ውስጥ በሩ ጸጥ አለ። ከ2:00 ሰዓት በኋላ መንገዱ ላይ ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ማየት ቀረ።

ዘንድሮ ጥር ላይ ሰውየው ወደ ቢሮ ሥራ ተዛወረ። ወር ሳይሞላ በሩ ወደ ጥንቱ ተመለሰ። ያው ልጆች፣ ያው መምህራን፣ ያው ደወል። የጠየቅኩት ይህንን ነው። የአንድ ትምህርት ቤት ሥርዓት በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ነው እንዴ ያለው? እንደዚያ ከሆነ ሌላ ጠንካራ ሰው ስጡን ብለን እንጩህ ወይስ ሌላ የምናደርገው ነገር አለ?

ቁጥር 1 ከጊንጆ የሚጽፍ አባት ነው። ሙሉ በሙሉ ተስማማ። እሱ እንደሚያየው የዘንድሮ ልጅ የሚፈራው ሰው አጥቷል፣ ቤትም ትምህርት ቤትም። እነሱ ሲማሩ ርዕሰ መምህሩ በኮሪደር ሲያልፍ ትንፋሽ እንኳ እንደማይሰማ፣ አለንጋውም ጠረጴዛው ላይ በግልጽ እንደሚቀመጥ አስታወሰ። ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል የሚለውን ተረት ጨመረበት። መፍትሔው ኮስታራ ወንድ ፈልጎ ማምጣት ነው ብሎ ዘጋ።

ቁጥር 2 እዚያው ትምህርት ቤት ሂሳብ የምታስተምር መምህርት ናት። በትህትና ነው የጀመረችው፣ ስለ ጥያቄው አመስግናኝ። ግን ሁለት ነገር አረመች። አንደኛ፣ ጥንካሬ የወንድ ብቻ ነው ያለው ማን እንደሆነ ቁጥር 1ን ጠየቀችው። ሁለተኛ፣ እኔ ከሱቄ ያየሁት በሩን ብቻ ነው፣ ውስጡን አላየሁም። ውስጥ የነበረውን እሷ ዘረዘረችው። ሰውየው መጀመሪያ የያዘው ተማሪውን ሳይሆን መምህሩን ነው። ሰኞ ጠዋት የትምህርት ዕቅዱን ያላስፈረመ መምህር አልነበረም። በሳምንት ሁለት ቀን ደብተር ይዞ ከኋላ ወንበር ይቀመጣል፣ ሲወጣ መምህሩን ለብቻው ያነጋግረዋል እንጂ ተማሪ ፊት አይናገረውም። መምህር የቀረበት ክፍል ካለ ራሱ ገብቶ ያስተምራል። ተማሪው አጥር የሚዘለው ባለጌ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ፔሬዱ ባዶ ስለሚሆን ጭምር ነው ትላለች። አሁን ደግሞ በቀን ሁለትና ሦስት ፔሬድ ባዶ የሚያልፍበት ክፍል እንዳለ ሳትደብቅ ጻፈች። ከራሷ የሥራ ባልደረቦች ጋር የሚያጣላትን ነገር ስማችን በሚታይበት ግሩፕ ላይ መጻፏ ቀላል አይደለም። አከበርኳት።

ቁጥር 3 ከቁጥር 2 ጋር መስማማቱን በአንድ መስመር ገለጸ።

ቁጥር 4 ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ብዙዎቻችንን ያስተማሩ ሰው ስለሆኑ ግሩፑ ውስጥ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። ረጅም ነው የጻፉት። ይህ መካከለኛ ደረጃ የሚባለው ነገር አዲስ እንዳልሆነ አስረዱን። በንጉሡም በደርግም ጊዜ አደረጃጀቱ 6፣ 2፣ 4 ነበር፤ 7ኛና 8ኛ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ይባል ነበር። የ1986ቱ ፖሊሲ 7ኛና 8ኛን ከአንደኛ ደረጃ ጋር ቀላቀለው። የ2015ቱ ፖሊሲ መልሶ ለየው። የተለየበት ምክንያት አለው ይላሉ ጋሼ። የ13 ዓመት ልጅ ከ7 ዓመት ልጅ ጋር በአንድ ደንብ አይተዳደርም። ድምፁ እየጎረነነ ነው፣ ጓደኛው ከአባቱ በላይ ይሰማዋል፣ በሰው ፊት ከተዋረደ አይረሳም። ከዚያ ወደ ፈተናው ሄዱ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ሰው ሁሉ ያኔ 12ኛ ክፍልን ወቀሰ። ጋሼ ግን እነዚያ ልጆች መውደቅ የጀመሩት 7ኛ ክፍል ላይ፣ መምህር የሌለበት ፔሬድ ውስጥ ነው ይላሉ። ከቁጥር 2 ጋር አንድ ሐሳብ ናቸው ማለት ነው፣ የአርባ ዓመት ዕድሜ ልዩነት ቢኖራቸውም።

ቁጥር 5 የሕግ ባለሙያ ነው። አለንጋ የሚለውን ቃል ሲያይ ነው የገባው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ሕፃናት በትምህርት ቤትም ሆነ በማሳደጊያ ተቋም አካላቸውን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው አስታወሰን። ከ1987 ጀምሮ የተጻፈ ነገር መሆኑን፣ ማንበርከክም ሆነ በፀሐይ ማቆም ከዚህ እንደማይወጣ አብራራ። አነጋገሩ ደረቅ ነበር፣ ግን ትክክል ነው።

ቁጥር 6 ያው ቁጥር 1 ነው፣ ተቆጥቶ ተመልሶ መጣ። ሕግ የሚጠቅሱ ሰዎች ልጃቸውን የግል ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ናቸው የሚል ነገር ጻፈ። እሱ ተቆንጥጦ አድጎ ሰው እንደሆነ፣ አሁንም ለዚያ መምህር ሲገናኙ ከወንበሩ እንደሚነሳ ጨመረ። ለመምህሩ ከወንበር መነሳቱን ወደድኩለት። ግን እኔም ተቆንጥጬ ነው ያደግኩት፣ በሂሳብ ተመትቼ ሂሳብ እስከ ዛሬ ያስፈራኛል።

ቁጥር 7 ላይ ልቆይ። የሁላችንንም ክርክር የለወጠው እሱ ነው። አሁን 10ኛ ክፍል ነው፣ እዚያው ትምህርት ቤት ነበር 8ኛን የጨረሰው። በታላቅ እህቱ ስልክ ነው የጻፈው። እናቱ ጠዋት ጠዋት አምባሻ ጋግራ መርካቶ ትሸጣለች። እሱ ነው ተሸክሞ የሚያደርስላት። በዚህ የተነሳ ብዙ ቀን 2:10፣ 2:15 ይደርሳል። ያ ሁላችንም የምናመሰግነው ርዕሰ መምህር በመጀመሪያዎቹ ወራት 2:00 ሲል በሩን ያስቆልፍ ነበር። ልጁ አንድ ቀን ተቆለፈበት። ሁለተኛም ተቆለፈበት። ሦስተኛው ቀን ግድግዳው ሥር ቆሞ ሁለት ፔሬድ ጠበቀ። አራተኛው ቀን ግን ወደ በሩም አልመጣም። ከመርካቶ በቀጥታ ጌም ቤት ገባ፣ እዚያ እንደ እሱ የተቆለፈባቸው ልጆች ስለነበሩ። ሦስት ሳምንት ያህል እንደዚያ ሆነ። እናቱ ትምህርት ቤት ያለ ይመስላት ነበር።

ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። ምክንያቱም ያ የተቆለፈ በር ነው እኔን ያስደሰተኝ። መንገዱ ጸጥ አለ ብዬ ስፎክር የነበረው ልጆቹ ውስጥ ስለገቡ መስሎኝ ነው። ለካ አንዳንዶቹ ጥግ ዞረው ነው የጠፉት።

ልጁ ግን ታሪኩን እዚያ አላቆመም። ርዕሰ መምህሩ የስም መጥሪያውን ሲያገላብጥ የእነዚያ ልጆች ስም እየተደጋገመ ሲቀር አየ። አንድ ቀን ከሰዓት ሰፈሩ ድረስ መጥቶ እናቱን አገኛት፣ አምባሻም ገዛ። ከዚያ በኋላ በሩን መቆለፍ ተወ። በምትኩ ጥበቃው ጋ አንድ ደብተር አስቀመጠ። ያረፈደ ስሙን፣ ሰዓቱንና ምክንያቱን ጽፎ ወዲያው ክፍል ይገባል። በሳምንት ሦስት ቀን ያረፈደ ልጅ ዓርብ ይጠራል። ይህ ልጅ ሲጠራ አልተቆጣውም። የእናቱን ነገር ስለሚያውቅ ከእሱ ጋር ተስማምተው እስከ 2:15 ፈቀደለት፣ የሚጎድለውን ደግሞ ምሳ ሰዓት ከጓደኛው ደብተር እንዲገለብጥ አደረገ። ልጁ የመጀመሪያውን ቂም እንዳልረሳ፣ ሰውየውን ግን እንደሚወደው ሁለቱንም አንድ ላይ ጻፈ። የጋሼ ንግግር ትዝ አለኝ፣ በሰው ፊት የተዋረደ ልጅ አይረሳም ያሉት።

ቁጥር 8 ስለ ጌም ቤቶች ቁጣውን አወረደ። ትምህርት ቤት በር ላይ ጌም ቤት፣ ከጎኑ ጫት ቤት፣ ወረድ ሲል የኳስ ውርርድ ቤት ማን እንደፈቀደ ጠየቀ።

ቁጥር 9 የጌም ቤት ባለቤት ነው፣ እሱም ወላጅ ነው። ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ እንደማያስገባ፣ ልጆቹ ግን ሹራባቸውን አውልቀው ስለሚመጡ ማን ተማሪ ማን አይደለም ብሎ መለየት እንደማይችል ጻፈ። የቤት ኪራይ እንዳለበትም አነሳ።

ቁጥር 10 ቁጥር 8 ነው፣ በጣም ሻካራ ነገር ተናገረው። አድሚን አጠፋው። እዚህም አልደግመውም። እኔ ለቁጥር 9 ያለኝ አስተያየት አጭር ነው። ጠዋት 3:00 ሰዓት ላይ የሚመጣ የ13 ዓመት ልጅ ሹራብ ባይለብስም ተማሪ ነው። እስከ 6:00 ሰዓት ዘግቶ ከሰዓት ቢከፍት የጠዋት ፈረቃ ልጆች ይተርፋሉ።

ቁጥር 11 ጅማ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት አመራር የሚያጠና ሰው ነው። ወደ ዋናው ጥያቄ መለሰን። ኬኔት ሊትውድ የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ሥራ ጠቀሰ። ትምህርት ቤት ውስጥ ካሉት ነገሮች ለተማሪ ትምህርት ከክፍል ውስጥ ማስተማር ቀጥሎ ከፍተኛ ተጽዕኖ ያለው አመራር ነው የሚል ነው። ስለዚህ ጥያቄዬ ከንቱ አይደለም፣ ሰውየው በእርግጥ ለውጥ ያመጣል። ግን ያንን የሚያደርገው በአብዛኛው በመምህራኑ በኩል አልፎ ነው፣ ቁጥር 2 እንዳለችው። ከዚያ ስለ ኢንስፔክሽን፣ ማለትም ትምህርት ቤቶች ስለሚመዘኑበት ሥራ አነሳ። 26 ስታንዳርድ አለ። ከመቶው 25 ለግብዓት፣ 35 ለሂደት፣ 40 ለውጤት ነው የሚሰጠው። በዚህ ትምህርት ቤቱ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመደባል። እሱን የሚያሳስበው፣ አንድ ርዕሰ መምህር ሲለቅ ለተተኪው ምን አስረክቦ እንደሄደ በቁም ነገር የሚጠይቅ አለመኖሩ ነው። ቁልፍና ማኅተም ይረከባል፣ የወንበር ብዛት ይቆጠራል። ማን ልጅ ለምን እንደሚያረፍድ ግን ማንም አይረካከብም።

ቁጥር 12 ሲያትል የሚኖር የጅማ ልጅ ነው። አሜሪካ ውስጥ ጆ ክላርክ የሚባል ርዕሰ መምህር እንደነበረ ነገረን። ኒው ጀርሲ፣ ፓተርሰን ከተማ፣ ኢስትሳይድ የሚባል ትምህርት ቤት። በ1980ዎቹ የድምፅ ማጉያና የቤዝቦል ዱላ ይዞ በኮሪደር ይዞር ነበር፣ ወደ 300 ተማሪዎችን በአንድ ቀን አባረረ፣ በ1988 እ.ኤ.አ. ታይም መጽሔት ሽፋኑ ላይ አወጣው። ለጅማም እንዲህ ዓይነት ሰው ያስፈልጋል ሲል ቁጥር 1 ወዲያው የልብ ምልክት ሰጠው።

ቁጥር 13 ግን አልተወውም። መጀመሪያ፣ ኢስትሳይድ ሁለተኛ ደረጃ እንጂ የ13 ዓመት ልጆች የሚማሩበት አልነበረም። ቀጥሎ፣ የተባረሩት 300 ልጆች የት ሄዱ? ሦስተኛ፣ ክላርክ ከለቀቀ በኋላ በ1991 እ.ኤ.አ. የግዛቱ መንግሥት የፓተርሰንን ትምህርት ቤቶች አስተዳደር ከከተማው ወስዶ ራሱ ያዘው። ሰውየው ዝነኛ ሆነ፣ ከተማው ግን ትምህርት ቤቶቹን ማስተዳደር አቃተው። ይህን ሳነብ የእኛን በር አሰብኩ። የኛ ሰው ዱላ አልያዘም፣ ልጅም አላባረረም። ሆኖም እሱ ሲሄድ የሆነው ነገር ያው ነው።

ቁጥር 14 በአፋን ኦሮሞ የጻፈች እናት ናት፣ ቁጥር 15 ደግሞ ላልገባቸው ወደ አማርኛ መለሰው። ከከተማው ዳር ነው የምትኖረው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ልጇ የሚቀረው በጥጋብ ሳይሆን በቡና ለቀማ ምክንያት ነው። የዓመት ደብተሩና ጫማው ከዚያ ነው የሚገዛው። የቀድሞው ርዕሰ መምህር ይህን ስለሚያውቅ ቡና የሚለቅሙ ልጆችን ቀድሞ ይመዘግባል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የማካካሻ ትምህርት እንዲሰጣቸው ከመምህራን ጋር ተስማምቶ ነበር። ዘንድሮም ታኅሣሥ ላይ ተሰጥቷል። አሁን ግን ልጇ በለቀማው ምክንያት የቀረበትን ቀን ከጥጋበኞች እኩል ተቆጥሮበት ወላጅ አምጣ ተብሏል። እሷ ለመምጣት የአንድ ቀን ሥራ ትፈታለች። ስትመጣም የሚያነጋግራት አጣች።

ከቁጥር 16 እስከ 18 ያሉት ወደ ዩኒፎርም ዋጋ ሄዱ። ጨርቁ ስንት ገባ፣ የትኛው ልብስ ሰፊ ይሻላል፣ የወንዶች ፀጉር አቆራረጥ ሥርዓት ነው ወይስ ፋሽን። መነጋገር ያለብን ጉዳይ ነው፣ ግን ሌላ ቀን።

ቁጥር 19 የሌላ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ነው። በጣም ተናዶ ነው የጻፈው፣ እውነቱን ነው። ሁሉም ሰው ጠንካራ ርዕሰ መምህር ይመኛል፣ ጠንካራ የሚሆንበትን ሰዓት ግን ማንም አይሰጠውም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ስብሰባ አለ። ዛሬ ዕቅድ፣ ነገ ሪፖርት፣ ከነገ ወዲያ መዋጮ አሰባስቡ ይባላል። በአንድ ክፍል 50 ተማሪ እንዲሆን ስታንዳርዱ ይላል፣ እሱ ከዚያ በላይ የያዘ ክፍል አለው፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ቆርቆሮው ጮኾ መምህሩ ቾኩን አስቀምጦ ቁጭ ይላል። በደንብ የሚሠራ ሰው ሲገኝ ሽልማቱ ወደ ቢሮ መዛወር ነው። ደካማው እዚያው ይቀመጣል። ከዚያ ወደ እኛ ዞረ። የወላጅ ስብሰባ ሲጠራ ስንት ሰው ይመጣል? ለካርድ ቀን እንኳ ታላቅ ወንድሙን የሚልክ ወላጅ ግሩፕ ላይ ገብቶ ስለ አመራር ሲጽፍ ያማል ብሏል።

ቁጥር 20 የቁጥር 19ን ንግግር ይዞ ቀጥታ ወደ እኔ መጣ። ሱቄ ከበሩ ሃያ እርምጃ ነው። ባለፉት ሁለት ዓመታት ስንት የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ እንደተገኘሁ ጠየቀኝ። በእርግጥ በጨዋነት አልነበረም የጠየቀው። መልሴን እዚያው ጻፍኩ፣ እዚህም እደግመዋለሁ። አንድ ጊዜ። እሱም መጨረሻው ላይ ነው የደረስኩት። ሰው አለ ብዬ ነው የተውኩት። በሩ ላይ ጃንጥላ ይዞ የቆመ ሰው ስላለ የእኔ መሄድ የሚያስፈልግ አልመሰለኝም። ይህን ነው ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ ያደርኩት። እሱ ጥሩ ስለነበረ ሁላችንም ሸክሙን ለእሱ ጥለን ወደ ሥራችን ሄድን። ሲዛወር የሚይዝለት ሰው አልነበረም። አዲሱን ርዕሰ መምህር ለመውቀስም ይከብደኛል፣ እስካሁን ተወካይ ነው፣ የምደባ ደብዳቤ አልደረሰውም ሲባል ሰምቻለሁ።

ቁጥር 21 ቁጥር 1 ነው፣ ለሦስተኛ ጊዜ። ድምፁ ረገብ ብሏል። የልጁን፣ የቁጥር 7ን ነገር ደጋግሞ እንዳነበበው ጻፈ። አለንጋውን በተመለከተ ሐሳቡን አልቀየረም። ግን የእሱ ልጅ እያረፈደ ይሁን አይሁን እንደማያውቅ አመነ፣ እሱ ከቤት የሚወጣው 12:30 ስለሆነ። እንዴት ማወቅ እንደሚችል ጠየቀ።

ለቁጥር 1 መልስ የሰጠው ያልጠበቅነው ሰው ነው። ቁጥር 22 የግቢው ጥበቃ ናቸው። ግሩፑ ውስጥ መኖራቸውንም አላወቅንም ነበር። በድምፅ ነው የላኩት፣ እኔ ነኝ ወደ ጽሑፍ የመለስኩት። የማርፈጃው ደብተር አሁንም እሳቸው ጋ እንዳለ፣ ቤታቸው ውስጥ ከወንበሩ ሥር እንደሚያስቀምጡት ነገሩን። ርዕሰ መምህሩ ከሄደ በኋላ ደብተሩን የጠየቃቸው ሰው የለም። መጻፋቸውን ግን አላቋረጡም። ልጆቹ ዓርብ የሚጠራቸው እንደሌለ ስላወቁ አብዛኛዎቹ ሳይጽፉ ይሮጣሉ፤ እሳቸው የሚያውቁትን ስም ራሳቸው ይመዘግባሉ። አንዱ ደብተር አልቆ ሁለተኛውን በራሳቸው ገንዘብ ገዝተዋል። ከእኔ ሱቅ ነው የገዙት። ባለ 50 ሉክ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም ነበር።

ቁጥር 23 መምህርቷ ናት፣ ቁጥር 2። ደብተሩን ሰኞ ጠዋት እንዲሰጧት ጠየቀቻቸው። ከሁለት መምህራን ጋር ሆና ስሞቹን በየክፍሉ ለይታ ለተወካዩ ርዕሰ መምህር ልትወስድለት ነው። ዓርብ ዓርብ የሚጠሩትን ልጆች እሷ ለማነጋገር ፈቃደኛ ናት፣ ወላጅ ግን አብሯት እንዲቀመጥ ትፈልጋለች። ሦስት ሰው እጁን አወጣ። ቁጥር 1 አንዱ ነው፣ ሥራው ዓርብ ከሰዓት ከጁምዓ በኋላ ስለሚቀዘቅዝ። ቁጥር 14 ለሰዓቱ እንዳትቸገር በስልክ እንድትገባ ተስማምተናል፣ ቁጥር 15 ያስተረጉማል።

ዛሬ ሰኞ ነው። 1:30 ላይ በሩ ጋ ደረስኩ፣ ሱቄን ሳልከፍት። መምህርቷ ቀድማኝ ነበር። ጥበቃው ደብተሩን በፌስታል ጠቅልለው አመጡ፣ ያካፋ ስለነበር። ቆመን የየካቲትን ገጾች ገለጥን። 7ኛ ለ ላይ አንድ ስም አራት ጊዜ አለ። የልጄ ነው። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ ምንም አልተጻፈም።